ፊደል እንደ እቁብ ሲወጣ

ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ በጌም ውስጥ ዕቃዎች ሳይታሰቡ ብቅ ይላሉ። ሳንቲም፣ ድንጋይ፣ ጠላት ይመጣል። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማናውቅ ጨዋታው አይሰለችም። ግን ኮምፒውተሩ የሚያመጣውን እንዴት ይመርጣል? ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ መልሱን በአንድ ትንሽ የፊደል ጌም ላሳያችሁ።

ጌሙን የሠራሁት ለእህቴ ልጅ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፊደል እየቆጠረች ነው። ፊደላቱ ከላይ ይወርዳሉ፤ እሷ ጮክ ብላ ትጠራቸዋለች።

የተጠቀምኩበት ጌም ኢንጂን ፓንዳ ስሪዲ ይባላል። ጌም ኢንጂን ማለት የጌሙን ሥዕል፣ ድምፅና እንቅስቃሴ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። ፓንዳ ስሪዲን መጀመሪያ የሠራው ዲዝኒ ነው፤ ዛሬ ማንም ሰው በነፃ ይጠቀምበታል። ትዕዛዙን የምንጽፈው በፓይተን ቋንቋ ነው።

ሥራው አራት እርምጃ አለው። አንደኛ፣ ፊደል መምረጥ። ሁለተኛ፣ ቦታ መስጠት፤ ከፍታው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ቦታ ግን ይለያያል። ሦስተኛ፣ በየሁለት ሰከንዱ ይህንኑ መድገም። አራተኛ፣ መሬት የደረሰውን ፊደል ማጥፋት፤ አለዚያ ፊደላቱ እየተከማቹ ጌሙ ይንቀራፈፋል። የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት መጫንንም አትርሱ።

ዋናው ጥያቄ ያለው የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ፓይተን ውስጥ «ቾይስ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። ከዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር በዘፈቀደ፣ ማለትም ያለ ዕቅድ፣ ያወጣል። ቾይስ ግን ያወጣውን አያስታውስም። አሁን ያወጣውን «ሙ» ወዲያው ሊደግመው ይችላል።

ዋናዎቹ 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ቅርጽ አላቸው፤ በጠቅላላው 231 ይሆናሉ። ቾይስ 231 ጊዜ ቢያወጣ፣ በአማካይ 85 ያህሉ አንድም ጊዜ አይወጡም። ሁሉንም ለማየት በአማካይ ወደ 1,390 ጊዜ ማውጣት ያስፈልጋል። ለሳንቲም ወይም ለጠላት ይህ ምንም አይደለም። ፊደል ለሚማር ልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ በቾይስ ስትጫወት ቆይታ «የስሜ ፊደል የት አለ?» አለችኝ። ስሟ የሚጀምረው በ«ጸ» ነው። ልጅ የራሱን ፊደል ፈልጎ ሲያጣ፣ ቋንቋው የሌላ ሰው ይመስለዋል።

መፍትሔውን እናቶቻችንና አባቶቻችን ያውቁታል፤ እቁብ ነው። በእቁብ ሰዎች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁሉንም ይወስዳል። ማን ቀድሞ እንደሚወስድ አይታወቅም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የደረሰው ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ተመልሶ ዕጣ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለሁሉም ይደርሳል።

በፓይተን ይህን የሚያደርገው ትዕዛዝ «ሻፍል» ነው። ዝርዝሩን እንደ ካርታ ይበውዛል። ከዚያ ፊደላቱን አንድ በአንድ እናወጣለን፤ ሲያልቁ እንደገና እንበውዛለን። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ፊደል ቢወርድ፣ ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ 231ዱም ይወርዳሉ። የዛሬው ቴትሪስም ሰባቱን ቅርጾች የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ረጅሙ ቅርጽ ጠፍቶ አይቀርም።

አንድ ሌላ ትዕዛዝ ደግሞ አለ፤ «ሲድ» ይባላል፣ ትርጉሙ «ዘር» ነው። ኮምፒውተር ዕጣ የሚያወጣው በስሌት ነው። የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ ማለትም ዘሩ፣ አንድ ከሆነ የዕጣው ተራም አንድ ይሆናል። ዱባይ ያለ ልጅና ዋሽንግተን ያለች የአጎቱ ልጅ ይህን ጌም ሁለቱም በ7 ቢጀምሩት፣ ፊደላቱ በተመሳሳይ ተራ ይወርዱላቸዋል። ስለዚህ በእኩል ይወዳደራሉ።

እናንተም የራሳችሁን ጌም ስትሠሩ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ነገር ሳይወጣ ቢቀር የሚጎዳ ሰው አለ? ከሌለ ቾይስ ይበቃል። ካለ ግን ዕጣውን እንደ እቁብ አውጡት።