ብሎኑ ሲፈታ ዓይናችሁ እንዳይጎዳ

በቀደም ሪያድ ጋራዥ የሚሠራ ወንድማችን የድምፅ መልእክት ላከልኝ። አሮጌ ላንድክሩዘር ሲያድሱ የዛገ ብሎን በመዶሻ ሲመታ ስባሪ ዓይኑ ገብቷል። «ይወጣል ብዬ አሸሁት እኮ» አለኝ። እኔም ሰው ቤት ስሠራ በረኪና ዓይኔ ገብቶ፣ እንዳያባርሩኝ ፈርቼ ዝም ብያለሁ። እሱን ግን «ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ» አልኩት። ሄደ፤ ብረቱ ወጣለት።

ወንድሞቼ፣ የዛገ ብሎን በጉልበት አይፈታም። በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፤ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አድርጉበትና ቢቻል አሳድሩት። ልኩ በሆነ ቺያቬ ትንሽ አጥብቁ፣ ትንሽ ፍቱ፤ እያመላለሳችሁ። እምቢ ካለና በእሳት ማሞቅ ግድ ከሆነ፣ ነዳጅ አጠገቡ አይኑር፤ ዘይቱንና የፍሬን ማጽጃውን አስቀድማችሁ በደንብ ጥረጉ። አንዳንዱ ማጽጃ እሳት ሲነካው ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ያለ መከላከያ መነጽር አትምቱ። ስባሪ ከገባ አትሹት፣ ራሳችሁም አታውጡት፤ ዓይኑን ሳትጫኑ ሸፍናችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሳዑዲ ውስጥ አምቡላንስ 997 ነው። በሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 123 መሠረት መከላከያ ዕቃ የሚያቀርበው አሠሪው ነው። መነጽር መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መብት ነው።