ጎተራው ሳይጠገን አዝመራው እንዳይገባ

ጥቅምት ገብቷል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ኑጉ ቢጫ አበባውን ዘርግቶ፣ የበቆሎው አገዳ መድረቅ ጀምሮ፣ በየደጁ በተነጠፈው ሰሌን ላይ የተለቀመው በርበሬ እየቀላ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘመነ መፀው የሚሉት፣ ብዙው ሰው ደግሞ ጸደይ ብሎ የሚጠራው ይህ ወቅት ለዓይን የሚያምር ቢሆንም ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ የዕረፍት ጊዜ አይደለም። ክረምቱ ያላላው ሁሉ የሚጠብቅበት ወቅት ነው። ጣሪያ ይከደናል፤ ግድግዳ ይመረጋል፤ አጥር ይታጠራል፤ ቀፎ ይሰቀላል፤ አውድማ ይለቀለቃል። ከሁሉም በላይ ግን ጎተራ ይጠገናል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ከሚገኝ አንድ የገበሬ መንደር ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሰሞኑን የያዘው ሥራ ይኸው ነው። አባወራው ከጫካ ያመጡትን ጭራሮ ይጎነጉናሉ። ባለቤታቸው ጭቃውን ከእበትና ከጤፍ ጭድ ጋር ያቦካሉ። አሥረኛ ክፍል የደረሰችው ልጃቸው ከወንዝ ውኃ ታመላልሳለች። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈው አያት ደግሞ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሥራውን ይቆጣጠራሉ። የመራጊዋ እጅ የሳተውን ስንጥቅ ከሩቅ አይተው በከዘራቸው ያመለክታሉ።

«ከታች በኩል ነው የሳታችሁት። ነቀዝ በር አይፈልግም፤ ቀዳዳ ይበቃዋል» ይላሉ።

ከሳንቃው ጀርባ የተጻፈ ታሪክ

የዚህ ቤት ነገር ከጎረቤቶቹ የሚለየው አያቲቱ የጎተራውን ሒሳብ የሚይዙ በመሆናቸው ነው። ከዋናው ቤት በር ሳንቃ ጀርባ፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደረ ጽሑፍ አለ። ከላይ ያለው ፊደል ሳይሆን በቢላ የተፋቀ ጭረት ነው፤ አንዱ ጭረት አንድ ጭነት እህል ማለት ነው። ዝቅ ሲል ግን ጭረቱ ቀርቶ ቁጥር ይጀምራል።

ለውጡ የመጣው ከ1971 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን በመላው ኢትዮጵያ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ መንደራቸው ሲደርስ እርሳቸው ልጅ አዝለው ከሰሌዳው ፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ፊደሉን እንደ ለዩ መጀመሪያ የጻፉት የራሳቸውን ስም፣ ቀጥሎ የጻፉት ወደ ጎተራው የገባውን እህል ነው።

ልጆቹ ጭቃው እስኪደርቅ ሳንቃውን ከበው «እምዬ፣ ይኼስ የየትኛው ዓመት ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። እርሳቸውም ከጭረቱ ጀምረው ይተርካሉ።

ከሁሉም የሚቀድመው ከአባታቸው የሰሙት ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትባለው ከተማ ድሮ ወጀት ትባል ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ቡሬን ለቅቆ ሲያፈገፍግ፣ ከሱዳን ድንበር በኦሜድላ የገቡት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በዚሁ በጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ አለፉ። ከተማይቱ «የሰላም መንገድ» የሚል ትርጉም ያለውን ስሟን ያገኘችውም ከእርሳቸው ነው። «አባቴ ያንጊዜ ጎተራው ባዶ ነበር ይለን ነበር። ጦር በመጣ ቁጥር እህል በጉድጓድ ይቀበራል፤ የተቀበረው ደግሞ ይሸታል» ይላሉ።

ቀጥሎ ያሉት ጭረቶች የራሳቸው የሙሽርነት ዘመን ናቸው። ርስት በክርክር የሚያዝበት፣ ገበሬው ከሞፈሩ ይልቅ ዳኛ ፊት የሚውልበት ዘመን ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ መሬቱ ሊለካና ሊወሰድ ነው ብሎ የሠጋው የጎጃም ገበሬ አምጾ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ የርስት አገር ገበሬም በሚያርሰው መሬት የመጠቀም መብቱ ሲረጋገጥ፣ ባለቤታቸው የመንደሩ ገበሬ ማኅበር አባል ሆኑ።

ቁጥር ከተጀመረ ወዲህ ያለው ክፍል በዓምድ በዓምድ የተከፈለ ነው። «ገባ»፣ «ተበላ»፣ «ተሸጠ» ይላል። በአንድ ወቅት ደግሞ «ለኮታ» የሚል ዓምድ አለ። ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተተመነ ዋጋ እንዲያስረክብ የሚገደድበት ጊዜ ነበር። ያ ዓምድ በ1982 ዓ.ም. ያበቃል፤ በዚያ ዓመት የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ኮታ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. አጠገብ «2 ቁና ለተራበ» የሚል ተጽፏል። ያ ዓመት በድርቅ የተጎዱ ወገኖች ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ተነሥተው ወደ ፓዌ የተወሰዱበት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ መሰጠት የጀመረው የይዞታ ደብተር ወደ ቤታቸው የገባበት ዓመትም በሳንቃው ላይ ተመዝግቧል። ከደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶግራፍ ስላለበት ምራቲቱ ይህን መስመር ሲነበብ ፈገግ ይላሉ።

«ጠፋ» የሚለው ዓምድ

የሳንቃው የመጨረሻ ዓምድ ግን የሚያስቅ አይደለም። «ጠፋ» ይላል። ነቀዝ፣ አይጥና ሻጋታ የወሰዱት እህል የሚጻፍበት ነው። ቤተሰቡን ዘንድሮ ያሳሰበውም ይህ ዓምድ ነው። ዐምና ከገባው 24 ኩንታል በቆሎ ውስጥ 5ቱ በሰኔ ወር ዱቄት ሆኖ ተገኝቷል። አምስት ኩንታል ማለት በክረምቱ መካከል ገበያ ወጥቶ እህል መግዛት ማለት ነው፤ ገንዘቡም የተገኘው ለልጅቱ ትምህርት ተብላ ከተያዘችው ጊደር ነው። ጊደሯ ተሸጠች።

አባወራው ነገሩ ግራ እንዳጋባቸው ይናገራሉ። «ማዳበሪያ ገዛሁ፤ ምርጥ ዘር ዘራሁ፤ በመስመር ዘራሁ፤ ምርቱም ከአባቴ ዘመን በብዙ እጥፍ በለጠ። ታዲያ የሚጠፋውም አብሮ በለጠ» ይላሉ።

ምክንያቱ ከመንደሩ የግብርና ባለሙያ ማብራሪያ እንደ ተረዱት ግልጽ ነው። የድሮው የአገር በቆሎ ፍሬው ጠጣር፣ ሽፋኑም ከራሱ አልፎ የሚዘጋ ስለ ነበር ነቀዝ ቶሎ አይደፍረውም ነበር። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን ቢኤች 660ን የመሰሉ ድቅል ዘሮች በምዕራብ ጎጃም ምርቱን ከፍ አድርገውታል፤ ነገር ግን የድቅሉ በቆሎ ብዙ ጊዜ ለነቀዝ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ማሳው አዲስ ሆነ፤ ጎተራው ግን የአያት ዘመን ጎተራ ሆኖ ቀረ።

ነቀዝ የሚጀምረውም በጎተራ ሳይሆን በማሳ ላይ ነው። ሴቲቱ ነቀዝ ፍሬውን ቦርቡራ ዕንቁላሏን በውስጡ ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍናለች። ትሉ በፍሬው ውስጥ ሆኖ ሲበላ ከውጭ አይታይም። ሙቀቱ ሲስማማው በአምስት ሳምንት ገደማ አዲስ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል፤ አንዲቱም በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ በኅዳር ጤነኛ መስሎ የገባ እህል በሰኔ ዱቄት ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። የደረሰ በቆሎ በማሳ ላይ በቆየ ቁጥር፣ አዲሱ እህል ከአሮጌው ጋር በተደባለቀ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል።

በክኒኑ ላይ የተነሣው ክርክር

አባወራው ዘንድሮ መፍትሔ ብለው ያሰቡት ከገበያ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ገዝተው በጆንያዎቹ ውስጥ መጨመር ነበር። ጆንያዎቹ የሚደረደሩት ልጆቹ በሚተኙበት ቤት ነው። አያቲቱ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«እማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያደርገው ነው እኮ» አሉ ልጃቸው።

«ጎረቤት ቢያደርገውስ! ነቀዝን የሚገድል ልጅን ይምራል ያለህ ማነው?»

ምራቲቱም ከአማታቸው ጎን ቆሙ። «እውነትዎን ነው» አሉ፤ «ጆንያው ከልጆቹ መደብ ሥር ነው ያለው።»

በዚህ ክርክር እውነቱ ከሴቶቹ ጋር ነበር። ይህ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በጆንያና በግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል፤ ከአየር ትንሽ ስለሚከብድ ወደ ታች፣ መሬት ላይ ወደ ተኙት ይሄዳል። ለተመረዘ ሰው ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሥራው አየር በማያሳልፍ ሽፋን ውስጥ፣ ሰውና ከብት ከማያድሩበት መጋዘን፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ብቻ የሚፈጸም ነው። በመኖሪያ ቤት መጠቀም እህልን ለማዳን ልጅን ማስያዝ ነው።

አባወራው ከብዙ ዝምታ በኋላ «እንግዲያው ጎተራውን እንደገና እንሥራ» አሉ። የሰሞኑ ሥራ የተጀመረው እንዲህ ነው።

የተሠራው ሥራ

አዲሱ ጎተራ ከቤቱ ተለይቶ በደጅ ቆሟል። አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው እግሮች ላይ ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ እንደ ኮፍያ የተደፋ መከላከያ ስላለ አይጥ ሊወጣበት አይችልም። ግድግዳው በውስጥም በውጭም ተመርጓል። ክዳኑ ዝናብ እንዳያስገባ ሰፋ ብሎ ወርዷል። የአሮጌው ጎተራ ጥራጊና የነቀዘ ትራፊ ተጠርጎ ተቃጥሏል።

ለዓመቱ መጨረሻ የሚቆየው እህል ደግሞ በሦስት ድርብ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። ፒክስ የሚባለው ይህ ከረጢት ሁለት የላስቲክ ሽፋን በውስጡ፣ አንድ ጆንያ በውጩ አለው። አየሩ ተጨምቆ እያንዳንዱ ሽፋን ለብቻው ሲታሰር በውስጡ የቀረው ነቀዝ አየሩን ጨርሶ ይሞታል። መርዝ አያስፈልገውም። ሆኖም ላስቲኩ ከተበሳ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ ከአይጥ መራቅ፣ ከግድግዳ ተለይቶ በእንጨት ላይ መደርደር አለበት።

ይህ ሁሉ ግን እህሉ ካልደረቀ ከንቱ ነው። እርጥብ እህል በተዘጋ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ከሻጋታ ዓይነቶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣሉ፤ ይህም መርዝ በመጋገርም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። ስለዚህ በቆሎው በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ተሰጥቶ በሚገባ መድረቅ አለበት።

መድረቁ በምን ይታወቃል? አያቲቱ በጥርሳቸው ነክሰው ያውቁታል። ልጅቱ ደግሞ ባለሙያው ያስተማረውን የጨው ዘዴ አሳየቻቸው። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ጭብጥ ደረቅ ጨው ከበቆሎ ጋር ይጨመርና ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ይናጣል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ገና ይሰጣ። ካልተለጠፈ እህሉ ለመግባት ተቃርቧል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ እህል እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ መውረድ ስላለበት ጥቂት የፀሐይ ቀን መጨመር ይበጃል።

ቀድሞ የደረሰውን ጥቂት በቆሎ ወስደው ሁለቱም ፈተኑ። አያት ነክሰው «ይቀረዋል» አሉ። በጠርሙሱም ላይ ጨው ተለጥፎ ታየ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ለመሪዎች የሚቀረው

የዚህ ቤት ጎተራ በሦስት ቀን ያለቀው በወንፈል ስለ ተሠራ ነው። ጉልበት ያለው ቤት ጉልበት ይበደራል፤ ይከፍላልም። ችግሩ ጉልበት በሌለው ቤት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቹ ከተማ የገቡበት ሽማግሌ፣ የታመመ አባወራ በየቀበሌው አሉ። መሬታቸውን እኩል ወይም ሲሶ አሳርሰው ከሚያገኙት ጥቂት እህል ነቀዝ ሲካፈላቸው ክረምቱን የሚሻገሩበት ነገር አይቀራቸውም።

ስለሆነም በየገበሬ ማኅበሩ ያላችሁ መሪዎች ከኅዳር አዝመራ በፊት ልትፈጽሟቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በቀበሌያችሁ ጎተራቸው የፈረሰባቸውንና ጉልበት የሌላቸውን ቤቶች ቆጥራችሁ ደቦው ከእነርሱ እንዲጀምር አድርጉ። ሁለተኛ፣ የግብርና ባለሙያው የጨውን ዘዴና የከረጢቱን አስተሳሰር በማሠልጠኛ ማዕከል ብቻ ሳይሆን በሰንበቴና በገበያ ቀን እንዲያሳይ ጠይቁ፤ ጎተራውን የምትመርገውና የምትቆጣጠረው ሴቲቱ ስለሆነች እርሷ ሳትገኝ ትምህርቱ እንዳይሰጥ። ሦስተኛ፣ የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት እንዳይገባ በስብሰባ ተናገሩ፤ ራሳችሁም በቤታችሁ ምሳሌ ሁኑ። አራተኛ፣ ከረጢት የሚገዛው ሰው በኅዳር ገበያ ሲጣደፍ እንዳያጣ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ።

በዕለቱ መጨረሻ፣ ጭቃው ደርቆ ጎተራው ሲከደን፣ አያቲቱ ከሰል አስመጥተው ወደ ሳንቃው ሄዱ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ከሰሉን ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ልጅቱም የዘንድሮውን ዓመት ጽፋ ዓምዶቹን አሰመረች። «ገባ» የሚለው ኅዳርን ይጠብቃል። «ጠፋ» ከሚለው አጠገብ ስትደርስ ቀና ብላ አያቷን አየች።

«እሱን ተዪው» አሏት። «በሰኔ እናየዋለን።»