የሚነደው ትነቱ ነው

ሆሳዕና ላይ የድፍድፍ ነዳጅ ታንክ የለም። ዱራሜ፣ ሾኔ፣ አንጋጫና ሺንሺቾም የላቸውም። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 እስኪዘጋ ድረስ ድፍድፉ በመርከብ መጥቶ ይከማች የነበረው ቀይ ባሕር ዳር ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ተጣርቶ ያለቀለት ነዳጅ ነው፤ አብዛኛው ጅቡቲ፣ ዶራሌ ካለው የሆራይዘን ተርሚናል በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ታዲያ ለሐዲያና ለከምባታ አንባቢ ስለ ድፍድፍ ታንክ እሳት መጻፍ ለምን አስፈለገ?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አገራችን ወደ ድፍድፍ ፊቷን እየመለሰች ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በቀን 450 በርሜል የሚገመት ድፍድፍ በሙከራ ማውጣት ተጀምሮ ነበር፤ ጎዴ ላይም ማጣሪያ ለመገንባት ሥራው ተጀምሯል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥብኛል። ሃምሳ ሺህ ቶን የሚይዘውን ታንክ የሚያቃጥለው ሕግና መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የቆመውን ቤንዚን የሚያቃጥለው ሕግ አንድ ነው። ትልቁን የተረዳ ሰው ትንሹን እንዴት እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ፈሳሹ አይነድም

ነዳጅ ሲነድ የምናየው ነበልባል ከፈሳሹ ላይ የተነሳው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የሚነደው ነው። ፈሳሹ ራሱ አይነድም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ነዳጅ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት የሚሰጠው በስንት ዲግሪ ሙቀት ነው የሚለው ነው። ባለሙያዎች ይህን ልክ ፍላሽ ፖይንት ይሉታል። የናፍጣ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ የነጭ ጋዝ ወደ 40 ይጠጋል። የቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሆሳዕና የጥቅምት ሌሊት የቱንም ያህል ቢበርድ ቤንዚን ትነት መስጠቱን አያቆምም።

ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ፈሳሽ በቀላሉ ይተናል፤ ፍላሽ ፖይንቱም በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ከወደብ ሲነሳ በወረቀት ላይ የተጻፈለት ልክ እዚህ ደጋ ላይ ሲደርስ ያንኑ ያህል አስተማማኝ አይደለም።

የቤንዚን ትነት ሁለት ጠባዮች አሉት። ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ቦይና ወደ ዝቅተኛ ክፍል ይገባል። የሚቀጣጠለውም ከአየሩ መጠን ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሳስቶ፣ ከዚያ በላይ አየር አጥቶ አይነድም። መጠኑ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሊትር ቤንዚን ተኖ ካለቀ የአንዲት ትንሽ ክፍል አየር በሙሉ ተቀጣጣይ ለማድረግ ይበቃል።

ድፍድፍ ደግሞ ከቤንዚን እስከ ሬንጅ ያለው ሁሉ ሳይለያይ በአንድነት ያለበት ነው። ቀላሉ ክፍል እንደ ቤንዚን ይተናል፤ ከባዱ ክፍል ሙቀት ይዞ ይቆያል። የድፍድፍ ታንክ እሳት ከሌላው የሚከፋው በዚህ ቅይጥነቱ ነው።

ትልልቆቹ ታንኮች ያስተማሩት

ትነት ዋናው ጠላት ከሆነ መፍትሔው ትነት የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ አለመተው ነው። ለዚህ ሲባል ትልልቅ የድፍድፍ ታንኮች ጣሪያቸው ነዳጁ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነዳጁ ሲጨምር ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ ይላል። ደካማው ቦታ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ዙሪያ ነው። እዚያ የሚደረገው ማሸጊያ ጎማ ሲያረጅ ትነት ያፈተልካል። በእነዚህ ታንኮች ላይ ከሚነሱት የዙሪያ እሳቶች አብዛኞቹን የሚለኩሰው መብረቅ ነው። በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ኩባ ውስጥ ማታንዛስ በተባለ ወደብ መብረቅ አንድ የድፍድፍ ታንክ መታ፤ እሳቱ ከታንክ ወደ ታንክ ተዛምቶ ከስምንቱ አራቱን አወደመ፤ ሊያጠፉት የገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሞቱ።

በብሪታንያዋ ዌልስ፣ ሚልፎርድ ሄቨን፣ ነሐሴ 30 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. የተነሳው እሳት ደግሞ ስንጥቅን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። የተንሳፋፊው ጣሪያ ብረት ተሰንጥቆ ድፍድፍ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። በአቅራቢያው ካለው የማጣሪያው የጋዝ ማቃጠያ ማማ የበረረ የጋለ ጥላሸት እንደለኮሰው ይታመናል። ስንጥቁ ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው በንስፊልድ ደግሞ ቤንዚን የሚሞላ ታንክ ላይ ልኬት የሚያሳየው መሣሪያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ማንቂያውና መዝጊያውም አልሠሩም። ታንኩ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ነጭ ጉም የመሰለ ትነት መሬቱን ሸፈነ፤ ከዚያ ፈነዳ። ከሃያ በላይ ታንኮች ነደዱ። የሰው ሕይወት ያልጠፋው እሑድ ማለዳ ስለነበር ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የከባድ ነዳጅና የድፍድፍ ታንክ ገንፍሎ መፈንዳት ነው። በታንኩ ሥር ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይጠራቀማል። ላዩ ለሰዓታት ሲነድ የጋለው ከባድ ክፍል ወደ ታች እየሰመጠ ውሃው ጋ ይደርሳል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ በጋለ ዘይት ላይ ጠብታ ውሃ ሲወድቅ መጥበሻው ውስጥ የሚሆነውን በታንክ ልክ አስቡት። በታኅሣሥ 1982 እ.ኤ.አ. ቬኔዙዌላ ውስጥ ታኮዋ በተባለ ቦታ ይህ ሲሆን እሳቱን ሲያጠፉና ቆመው ሲያዩ የነበሩ ከ150 በላይ ሰዎች አለቁ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የታንክ ሥር ውሃ በየጊዜው ይውጣ፣ የሚነድ ታንክ ከቶ የሰው መሰብሰቢያ አይሁን።

ከእነዚህ አደጋዎች የወጣው ጥንቃቄ ረጅም ዝርዝር አይደለም። ብረቱ ሁሉ ከመሬት ጋር በሽቦ ይገናኝ፤ ልኬቱን የሚያሳይ ከአንድ በላይ መሣሪያ ይኑር፤ ታንኩ ቢቀደድ ይዘቱን የሚይዝ ግንብ ይክበበው፤ ማሸጊያው ይፈተሽ፤ የእሳት ማጥፊያ አረፋው ከእሳቱ በፊት ተዘጋጅቶ ይቆይ። በአንዳቸውም ውስጥ ጀግንነት የለም፤ ሁሉም እሳት ሳይነሳ የሚሠሩ ናቸው።

ቦቴው ሲራገፍ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ማደያዎቻችን ነዳጁን የሚያከማቹት ከመሬት በታች ነው። አፈሩ ሙቀቱን አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ ከላይ የሚነሳ እሳትም በቀላሉ አያገኘውም። አደጋው የሚመጣው ታንኩ አፉን በሚከፍትበት ሰዓት፣ ማለትም ቦቴው ሲራገፍ ነው።

በትክክል የሚሠራ ሹፌር ሞተሩን ያጠፋል፤ ፍሬኑን ይይዛል፤ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ የእሳት ማጥፊያውን አውርዶ አጠገቡ ያቆማል። ቀጥሎ ከማናቸውም ቱቦ በፊት የመሬት ሽቦውን ከቦቴው ጋር ያያይዛል። ነዳጅ በቱቦ ሲፈስ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል፤ ሽቦው ይህን ሙል ወደ መሬት ካላወረደው በዓይን የማትታይ ብልጭታ ትበቃለች። ከዚያ የማደያው ኃላፊ ባለበት የልኬት ዘንጉ ታንኩ ውስጥ ገብቶ የቀረው ቦታ ይለካል። በንስፊልድ ያጠፋውን ስህተት እዚህ የሚያስቀረው ይህ ዘንግ ነው። ቱቦው ሲገጠም ሹፌሩ ከቦታው አይርቅም፤ ሻይ ሊጠጣ አይሄድም። ሲጨርስ መጀመሪያ ቱቦው፣ መጨረሻ ሽቦው ይፈታል።

በዚያ ሰዓት ከታንኩ የሚገፋው ትነት ከፍ ብሎ በቆመ ቱቦ ይወጣል። የማደያ ጎረቤት የሆነ ሰው ምድጃውንና የብየዳ ሥራውን ማራገፉ እስኪያልቅ ማቆም ይኖርበታል፤ ማደያውም ለጎረቤቱ ማስታወቅ አለበት።

ማደያ ሲደርቅ

ቤንዚን ሲጠፋ ከተማው ሌላ ማከማቻ ያገኛል። ጀሪካኑ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ጠርሙሱ ከሱቅ በራፍ ይቆማል። አጠገቡ ጀበና የጣደች እህት ከሰሏን ታራግባለች። ባጃጅ ይቆማል፤ ሻጩ አንገቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ቤንዚኑን ያንቆረቁራል። ይህን ሥዕል ትነት በሚለው ዓይን እንየው። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ፍሰቱ የፈጠረው ሙል መውጫ የለውም። የፈሰሰው ጠብታ መሬት ለመሬት ወደ ከሰሉ ይሄዳል። የባጃጁ ሞተር ደግሞ አልጠፋም። እሳቱ እስካሁን ያልተነሳው ጥንቃቄ ተደርጎ ሳይሆን፣ የትነቱ መጠን ከብልጭታው ጋር ስላልተገናኘ ብቻ ነው።

መሸጡ ሕገወጥ ነው፤ ሻጩም ገዢውም ግን ቸግሯቸው ነው። የነዳጅ አቅርቦት መስተካከል ከእሳት መከላከል ሥራ ተለይቶ መታየት የለበትም። እስከዚያው ለጀነሬተር ወይም ለወፍጮ የሚያስቀምጥ ሰው የሚከተለውን አይርሳ። ቤንዚን ሰው ከሚያድርበትና ምግብ ከሚበስልበት ቤት ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር፣ ለነዳጅ በተሠራ ዕቃ ይቀመጥ። ዕቃው እስከ አፉ አይሙላ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰፋልና። ሲቀዳ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ በመኪና ወይም በባጃጅ ላይ እንዳለ አይቀዳ።

ስለ ባዶ በርሜልም ላሳስብ። ሙሉ በርሜል ውስጥ ትነቱ ስለሚበዛ አየር ያጣል። «ባዶ ነው» የተባለው ውስጥ ግን ትነትና አየር በትክክለኛው መጠን ተገናኝተው ይጠብቃሉ። ምድጃ ወይም የውሃ ታንከር ልሥራበት ብሎ የሚበይድ ወይም የሚቆርጥ ወጣት ከቦምብ ፊት እንደቆመ አይታወቀውም። በርሜሉ ታጥቦ፣ በውሃ ተሞልቶ፣ የሚበየደው ቦታ ብቻ ባዶ ሲቀር ካልሆነ እሳት አይቅረብ። ናፍጣ ይዞ የነበረም ቢሆን ያው ነው፤ የብየዳ ሙቀት ናፍጣንም ያተናል።

ሌላው ለኩራዝና ለፋኖስ የሚገዛው ነጭ ጋዝ ነው። በትንሹ ቤንዚን ከተቀላቀለበት ፍላሽ ፖይንቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ እናት ስትለኩሰው ፊቷ ላይ ይፈነዳል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ነጭ ጋዝ ከቤት ይውጣ።

ከተነሳ

በነደደ ቤንዚን ላይ ውሃ አይደፋም፤ ነዳጁ ከውሃው በላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። ጥቂት ከሆነ በአፈር፣ በአሸዋ ወይም በዱቄት ማጥፊያ ይታፈን፤ ካልሆነ ሰው ይሽሽ። ልብሱ የተያያዘ መሬት ላይ ይንከባለል። ቃጠሎው ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይቀዝቅዝ፤ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሆሳዕና ዛሬ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ከተማዋ እየሰፋች ቤቱ ወደ ማደያው፣ ማደያውም ወደ ቤቱ እየቀረበ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ማደያ ሲፈቅድ ርቀቱን ይለካ፤ አረፋ ያለው የእሳት አደጋ መኪና በአቅራቢያ መኖሩን ያረጋግጥ፤ ዕድሮች ስለ ትነት በስብሰባቸው ይነጋገሩ። በንስፊልድም ሚልፎርድ ሄቨንም ገንዘብና ባለሙያ ነበራቸው። የጎደላቸው ትነቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጊዜ መዝጋት ነበር፤ ያንን ደግሞ እኛ ዛሬ ማታ ጀሪካኑን ከአልጋ ሥር በማውጣት ልንጀምረው እንችላለን።