የገንዳውን አረንጓዴ ማን ይጋጠው?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ደምበጫን አቋርጦ ያልፋል። የደምበጫ ስም በዓለም የዓሣ ጥናት መዝገብ ውስጥ መስፈሩን የሚያውቅ መንገደኛ ግን ጥቂት ነው። ሜላኒ ስቲያስኒና አበበ ጌታሁን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች አምስት አዳዲስ የዓሣ ዝርያዎችን ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቁ፣ አንዱን «ጋራ ደምበጫ» ብለው ሰይመውታል። (የወገኑ ስም «ጋራ» ከእኛው ጋራና ሸንተረር ጋር ዝምድና የለውም፤ ምንጩ ሕንድ ነው።) የጋራ ዓሦች ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም። አፋቸው ከራሳቸው ሥር የተከፈተ ሲሆን፣ ከበስተኋላው ያለው ሥጋዊ ሰሌዳ ከድንጋይ ጋር ያጣብቃቸዋል። በዚህም የተነሣ በኃይል በሚወርድ ውኃ ውስጥ ሳይወሰዱ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ዋቅላሚ ወይም አልጌ እየፋቁ ይመገባሉ።

በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያረባ ሰው ይህን ትዕይንት ቢያይ መቅናቱ አይቀርም። ገንዳው በተተከለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መስታወቱ ይቡንናል፤ ቀጥሎ ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል፤ አንዳንዴም ቀይ ጥቁር የሚመስል አተላ አሸዋውን ይሸፍነዋል። ታዲያ የደምበጫውን ፋቂ አምጥቶ ቢጨምረውስ? ገንዳው የጨው ውኃ ከሆነ ዓሣው ይሞታል። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው የያዘ በመሆኑ ከወንዝ ዓሣ ደም እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ ውኃው በስንጥቡ በኩል ከሰውነቱ እየወጣ ያደርቀዋል። ለጨው ውኃ የጨው ውኃ ጋጣሚ ያስፈልጋል።

የባሕር ጋጣሚዎችም ቢሆኑ ሁሉም ሁሉን አይበሉም። መስታወቱን የሚያቡንኑት ዳያቶም የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው፤ እነዚህን የባሕር ቀንድ አውጣዎች በምላሳቸው ላይ በተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ሞርደው ያጸዷቸዋል። ፀጉር የመሰለውን አልጌ ግን የባሕር ጃርት፣ አለዚያም እንደ ቀይ ባሕሩ ሐምራዊ ዜብራሶማ ያለ ዓሣ ይሻለዋል። ይህ ዓሣ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ማደግ ስለሚችል በትንሽ ገንዳ ማጎር ግፍ ነው። አሸዋውን የሚሸፍነው አተላ ደግሞ እውነተኛ አልጌ ሳይሆን ሳያኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ወገን ነው። አንዳንዱ መርዝ የሚያመነጭ በመሆኑ ጋጣሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሹታል። እሱን በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት ይቀላል።

አንባቢ «መድኃኒት ጨምሮ መግደል አይሻልም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አልጌ ለመግደል የሚያገለግለው የመዳብ ሰልፌት ቀንድ አውጣንና የባሕር ጃርትንም ይገድላል። ለእኛ ደጋዎች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨው ደግሞ ተጨማሪ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚገኝ የባሕር ውኃ በባሕር ዳርቻ ሲሆን በሊትር ከ6.5 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ ግን 5 ሚሊ ግራም አካባቢ ብቻ ይይዛል። በዚህ ላይ የገንዳው አልጌ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሞቶ መበስበስ ቢጀምር፣ ባክቴሪያዎቹ ያንኑ ጥቂት ኦክስጅን ይጨርሱትና ዓሦቹ ታፍነው ያድራሉ። ጋጣሚ እንስሳ ዝግተኛ መሆኑ እዚህ ላይ ጥቅም ነው።

ይሁን እንጂ ጋጣሚው አልጌውን ያጭዳል እንጂ የአልጌውን ምግብ አያጠፋም። ከበላው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ውስጥ ብዙው በሽንትና በኩስ መልክ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ያም ለቀጣዩ አልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። የምግቡ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው። ከሚገባው በላይ መመገብ የታወቀ ጥፋት ሲሆን፣ የተነነውን ውኃ በቧንቧ ውኃ መተካት ግን ሳይታወቅ የሚፈጸም ነው። ሲተን የሚወጣው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይቀራል። ገንዳው 100 ሊትር ነው፣ በየቀኑ 1 ሊትር ይተንናል፣ የምንተካውም ውኃ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሬት አለው እንበል። በ100 ቀን ውስጥ 1,000 ሚሊ ግራም ይጠራቀማል፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ጭማሪ ነው። በተጣራ ወይም በተነጠረ ውኃ መተካት ከሁለት ቀንድ አውጣ ይበልጣል ባይ ነኝ።

በአንድ ጋጣሚ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል በሰፊው የታየው በካሪቢያን ባሕር ነው። በጃማይካ የኮራል አለቶች ላይ አልጌ የሚበሉት ዓሦች ለረጅም ዘመን ከመጠን በላይ ተጠምደው ስላለቁ፣ የግጦሹ ሥራ በአብዛኛው ለአንድ ባለ ረጅም እሾህ ጥቁር የባሕር ጃርት ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 መጀመሪያ በፓናማ አካባቢ የታየ በሽታ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በባሕሩ ሁሉ ተዛምቶ ከጃርቶቹ ከ90 በመቶ በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1993 ባለው ጊዜ በጃማይካ አለቶች ላይ የነበረው ኮራል ከ52 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወረደ፤ አልጌው ከ4 በመቶ ወደ 92 በመቶ ወጣ። በገንዳም እንዲሁ ሁለት ሦስት ዓይነት ጋጣሚ በጥቂት በጥቂቱ መያዝ ይመረጣል። አልጌው ሲያልቅባቸውም የደረቀ የባሕር አልጌ ካልተጨመረላቸው በረሃብ ይሞታሉ።

የጨው ገንዳ ውድ ነው፤ ለትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ደግሞ ከወጪው ይልቅ ትዕግሥቱ ይከብዳል። ጣፋጭ ውኃ የሚመርጥ ሰው ጣና ውስጥ ከሚኖሩት መማር ይችላል። በሐይቁ ቤዞ የሚባለው ዓሣ በጠንካራው የታች ከንፈሩ ጠርዝ ከድንጋይ ላይ አልጌ ይፋቃል፤ ቆሮሶ ደግሞ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ያጠልላል። ሳያኖባክቴሪያን ለመፍጨትም ቆሮሶ ልዩ ችሎታ አለው። በኡጋንዳ ጆርጅ ሐይቅ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ጥናት፣ የጨጓራው አሲድ እስከ ፒኤች 1.4 እንደሚወርድና የሳያኖባክቴሪያውን ሕዋስ እንደሚያፈርስ ታውቋል። ጋራም በጣፋጭ ውኃ ገንዳ ይኖራል፤ ኦክስጅን የበዛበት ፈሳሽ ውኃ የለመደ ስለሆነ ግን አየር መንፊያው ሌሊትም መቆም የለበትም። ከወንዝ የተያዘ ዓሣ ሲሰለች የሚመለሰው ወደ ተያዘበት ወንዝ ብቻ ነው። ከውጭ የመጣ ዓሣ ወይም ቀንድ አውጣ ግን በየትኛውም ወንዝ አይጣልም።