ውሃው ፈላ፣ ድንቹ ግን ጥሬ ነው

ቅዳሜ ማለዳ መገናኛ ላይ፣ ወደ ካራና ወደ ለገጣፎ በሚጣሩት ረዳቶች መሐል ትልልቅ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶችን ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ጫማቸው ደህና ነው፤ ድንኳናቸውም እንዲሁ። ስለ ምድጃ ስትጠይቋቸው ግን ወይ “እንጨት አይጠፋም” ይሏችኋል፣ ወይ በፌስታል ጠቅልለው ያንጠለጠሉትን የቤት ቡታጋዝ ያሳዩአችኋል። ስለ መኝታ ከረጢቱ ሳምንት ሙሉ የሚከራከር ሰው ለምድጃው አምስት ደቂቃ አይሰጥም።

ዓይነቱ ብዙ አይደለም። በጋዝ ጣሳ አናት ላይ የሚጠመዘዘው ከሁሉ ይቀላል፤ ራሱ ምድጃው ከ100 ግራም በታች የሚመዝን አለ። ፓምፕ የሚደረገው የላምባ ምድጃ ዘሩ ከስዊድናዊው ሊንድክቪስት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ፕሪመስ በሚል ስም ዓለምን ዞሯል። ከባድና ቆሻሻ ነው፣ ቀድሞ ማሞቅ ይፈልጋል፤ ግን ብርድ አይበግረውም። ሦስተኛው የአልኮል ምድጃ ነው። ድምፅ የለውም፣ የሚሰበር ነገር የለውም፣ እጁ የሚታዘዝለት ሰው ከለስላሳ ቆርቆሮ ይሠራዋል። ሙቀቱ ግን በግራም ሲሰላ ከጋዙ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ስለ አልኮል ካነሳን፣ ስዊድኖች ለጀልባና ለካምፕ የሠሩት የአልኮል ምድጃ ክሊንኩክ ተብሎ እኛ አገር መጥቶ ነበር። ጋያ ማኅበር ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በሚገኘው ኢታኖል እያስነደደ በአዲስ አበባ ቤቶችና በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ አዳረሰው። ነዳጁ በጣሳው ውስጥ ባለው ቃጫ ስለሚመጠጥ ምድጃው ቢገለበጥ እንኳ አይፈስም። ለሽርሽር የተፈለሰፈ ዕቃ እንጨት ለቀማን ማስቀረቱን ሳስብ፣ እነዚህን ትንንሽ ምድጃዎች የፈረንጅ ቅብጠት አድርጎ የሚያይ ሰው ያበሽቀኛል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ። “ተራራ ላይ ኦክስጅን ስለሌለ እሳት አይሠራም፤ ትልቅ ምድጃ ግዛ” የሚል ምክር በየጉዞው ይሰማል። ኦክስጅን አለ። ራስ ዳሸን ጫፍም ላይ ከአየሩ ውስጥ ድርሻው ያው 21 በመቶ ነው። የሳሳው አየሩ ራሱ ነው፤ ነበልባሉ በዚህ ሰበብ ትንሽ ቢደክም ነው። ጉዱ ያለው ከድስቱ ሥር ሳይሆን ድስቱ ውስጥ ነው።

ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ የአየሩን ግፊት ሲያሸንፍ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ውሃው ሳይግል ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል እየወረደ መገናኛ ሲደርስ ወደ 92 ይሆናል፤ 3,620 ሜትር ላይ ባለው የስሜን ጨነቅ ካምፕ 88፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ባለው ዳሸን አናት ደግሞ 85 ገደማ። የአዲስ አበባ ሰው እንግዲህ ከቤቱ ሳይወጣ ከመንገዱ እኩሌታ በላይ ሄዷል። ሽምብራችን ምድጃ ላይ ቀኑን የሚውለው በሴቶቹ ስንፍና አይደለም።

ዋናው ነገር ይኸ ነው፦ ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት አይግልም። የተጨመረው እሳት እንፋሎት ሆኖ ይበናል እንጂ ድንቹን አያበስልም። ጨነቅ ላይ ያገኘሁት አንድ ወጣት ጥሬ ድንች እስከ አፉ በሞላ ድስት ሥር ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ክዳን ሳይከድን ይጠብቃል። ውሃው ይንዶቀዶቃል፣ ድንቹ ድንጋይ። ጣሳው ሲያልቅ ፋብሪካውን ረገመ፤ “ስመለስ ትልቁን እገዛለሁ” አለ። ትልቁም 88 ዲግሪ ላይ ያው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። እንደፈላ እሳቱን ዝቅ ማድረግ፣ መክደን፣ ከዚያ ድስቱን አውርዶ በጋቢ ጠቅልሎ መተው። ምግቡ እዚያ ውስጥ ነዳጅ ሳይፈጅ ይበስላል። ምግቡንም መምረጥ ነው፤ ሽሮ፣ ቀድሞ የተነከረ ምስር ክክ፣ አጃ። ፓስታ ከዚያ ከፍታ ላይ ሙጫ ይሆናል። በሶና ዳቦ ቆሎ ደግሞ እሳት የሚባል ነገር አይጠይቁም፤ የያዛቸው ሰው ምድጃውን ለሻይና ለማታ ብቻ ያስባል።

ሒሳቡን እንዲህ አድርጉት። ነፋስ ከሌለ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት 14 ግራም ያህል ጋዝ ይበቃል፤ አልኮል ከሆነ እጥፍ ግድም። ሁለት ሰው በቀን ሦስት ሊትር ቢያፈላ፣ ለሦስት ቀን 230 ግራም የያዘች አንዲት ጣሳ ተርፋ ትገባለች። ነፋስ ካለ ግን ይህን ሒሳብ ቅደዱት። የስሜን ገደል አፍ ላይ ያልተከለለ ምድጃ ነዳጁን እጥፍ ሊበላ ይችላል፤ ስለዚህ ለምድጃ ኃይል ከመክፈል ለነፋስ መከታ መክፈል ይሻላል። መከታው ግን የጋዝ ጣሳውን ዙሪያውን አፍኖ እንዳያግለው፤ ጣሳው ይፈነዳል።

“እንጨት አይጠፋም” ለሚሉት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ስሜን ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ባለሙያ ከእስራኤል ድረስ መምጣቱን አስታውሱ። የፓርኩ የአስታ ዛፍ ለማገዶ ብሎ የበቀለ አይደለም።

ድንኳን ውስጥ ስለሚያበስሉ ሰዎች ምን ልበል? በየክረምቱ ከሰል አስገብተው በር የሚዘጉ ቤተሰቦችን ወሬ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ሸራ ዘግቶ ምድጃ ሲለኩስ ማየት ይገርማል። መርዙ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም። ዝናብ ቢሆን እንኳ በሩን ከፍታችሁ ደጅ ላይ አብስሉ።

በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የምትሄዱ ከሆነ የጋዝ ጣሳ በእጅም በሻንጣም አይገባም፤ ቦሌ ፍተሻ ላይ ትቀማላችሁ። ሄዳችሁ ነዳጅ የምትገዙ ከሆነ፣ ጎንደር በቀላሉ የሚገኘው የትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ በስልክ አጣርታችሁ ምድጃውን በዚያ ልክ ምረጡ። በመኪና የሚሄድ ሰው የፈለገውን ይያዝ፤ ባዶ ጣሳውን ግን ይዞ ይመለስ።