የኩላሊት ጠጠር ከወጣ በኋላ ሽንቱ በየት ይወርዳል?

በ1976 እ.ኤ.አ. ፈርንስትሮም እና ዮሃንሰን የተባሉ ሐኪሞች በስዊድን ሀገር፣ ሆድ ሳይከፈት በጀርባ በኩል በምትከፈት ጠባብ ቀዳዳ የኩላሊት ጠጠር ማውጣት እንደሚቻል አሳወቁ። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ጠጠሩ ስለወጣ ብቻ አያልቅም። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ እብጠት፣ የረጋ ደም ወይም የጠጠር ስባሪ ሊዘጋው ይችላል። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ሽንት ኩላሊቱን ይወጥራል፤ ጀርም ካለበት ደግሞ ወደ ደም ሊዛመት ይችላል።

ይህ እንዳይሆን ሐኪሙ በጀርባ በኩል ወደ ከረጢት የሚያፈስ ቱቦ ይተዋል፣ ወይም ስቴንት የሚባል ለስላሳ ቀጭን ቱቦ ከውስጥ ያስቀምጣል። የስቴንቱ አንዱ ጫፍ በኩላሊት፣ ሌላው በፊኛ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ በቀላሉ አይንሸራተትም። ሽንት በውስጡም በዙሪያውም ይወርዳል። ሕክምናው ያለ ችግር ከተጠናቀቀ የጀርባው ቱቦ ጨርሶ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ሕመሙን ቀንሶ ታካሚው ቶሎ ቤቱ እንዲገባ ይረዳል።

ስቴንት የገባለት ሰው ሽንት ቶሎ ቶሎ ሊመጣበት፣ ሲሸና ጎኑን ሊወጋው፣ ሽንቱም ሊቀላ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ስቴንቱን መርሳት ነው፦ ለብዙ ወራት የቆየ ስቴንት ራሱ ጠጠር ይጋገርበትና ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የሚወጣበት ቀን በጽሑፍ ይያዝ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሽንት መቋረጥ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።