ነጭ ሣር፦ ነዋሪ ያለው ፓርክ

ከአርባ ምንጭ ላይኛው ክፍል፣ ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ሁለት ሐይቅ ባንድ ጊዜ ይመለከታል። በግራ ያለው አባያ ቡናማ ነው፤ ወንዞች ተሸክመው የሚያመጡት ደቃቅ አፈር ስለማይዘቅጥ ውኃው አይጠራም። በቀኝ ያለው ጫሞ ሰማያዊ ነው። ሁለቱን የሚለየው ኮረብታማ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከድልድዩ ማዶ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ደግሞ የአማሮ ተራሮች። ሆቴሎቹ በረንዳቸውን ወደዚህ ያዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዳው ቡናውን እየጠጣ ፎቶ ያነሳና «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» ብሎ ለወዳጆቹ ይልካል። ፎቶው እውነት ነው፤ ጽሑፉ ግን አይደለም። ከማዶ ሰው አለ፤ ድሮም ነበረ። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክን ሊያስተዋውቅ የተነሳ ሰው ስለ አዞና ስለ ሜዳ አህያ ብቻ አውርቶ ቢያቆም ግማሹን ነው የተናገረው።

እስቲ ከዚያው ከተለመደው ግማሽ እንጀምር። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የሐይቆቹ ውኃ ነው። ከሲቀላ በኩል የሚገባ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው ከከርሰ ምድር ውኃ የሚጠጣውን ደን ነው። ዝናብ ባይዘንብም አረንጓዴነቱ አይለወጥም፤ ሾላዎቹ ግዙፍ ናቸው። ከተማዋ ስሟን የወሰደችባቸው ምንጮች የሚፈልቁት እዚህ ነው፤ የመጠጥ ውኃዋም ከዚሁ ነው የሚቀዳው። አርባ ምንጭ ላይ ቧንቧ የሚከፍት ሁሉ ወደደም ጠላም የፓርኩ ተጠቃሚ ነው። ከዚያ የኩልፎን ወንዝ ተሻግሮ፣ ድንጋያማውን መንገድ እየተንገጫገጩ ድልድዩን መውጣት ነው። ከላይ ሲደርሱ ሜዳው ይዘረጋል። በበጋ ሣሩ ደርቆ ይነጣል፤ የሜዳ አህያ መንጋ በላዩ ላይ ይሰማራል። ቁጥቋጦው ውስጥ አጋዘንና እንሹ አሉ። በጫሞ ዳርቻ የአዞ ገበያ በሚባለው ቦታ ደግሞ ትላልቅ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በጀልባ ሄደው የሚያዩአቸው ጎብኚዎች የፓርኩ ዋና ደንበኞች ናቸው።

ይህ ሁሉ ቢኖርም ፓርኩ የተቋቋመው በዋነኛነት ለቆርኬ ተብሎ ነበር። የስዋይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ፓርኩ በተቋቋመበት በ1966 ዓ.ም. ከሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ የተያዙ ቆርኬዎች ተጭነው መጥተው ሜዳው ላይ ተለቀቁ። ውጤቱ አሳዛኝ ነው፤ በነጭ ሣር ቆርኬው እየመነመነ ሄዶ በጣት የሚቆጠር ሆነ። የሚገርመው፣ ከነጭ ሣር በእጅጉ የሚያንሰውና ዙሪያውን በገበሬ መንደር የተከበበው ሰንቀሌ የራሱን ቆርኬ እስከ ዛሬ በመቶዎች ይዞ መቆየቱ ነው። የመሬት ስፋትና የሰው ርቀት ብቻውን እንስሳ እንደማያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ስለ ወፏም ሳይነገር አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በሜዳው መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት በራሪ ወፍ አገኙ። ከአካሏ ይዘው የሄዱት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያች አንዲት ክንፍ ማስረጃነት የነጭ ሣር ናይትጃር የምትባል አዲስ ዝርያ ለሳይንስ ተመዘገበች። ከዚያ ወዲህ ወፍ ተመልካቾች ባትሪ ይዘው ሌሊት ሜዳውን የሚያስሱት እሷን ፍለጋ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ እንሂድ።

በሜዳውና በምሥራቁ በኩል የጉጂ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ይኖራሉ። ከብቶቻቸውን በዝናብና በድርቅ ወራት እያፈራረቁ ከሜዳው ወደ አባያ ዳርቻ፣ ከዳርቻው ወደ ደጋው ያንቀሳቅሳሉ። በሰርመሌ ወንዝ አካባቢ ኮሬዎች ያርሳሉ፤ አገራቸው ከላይ ያለው የአማሮ ተራራ ነው። በምዕራቡ በኩል ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጡ፣ ከደኑ እንጨት ሰብረው በጀርባቸው ወደ ከተማ የሚያወርዱ የጋሞና የሌላም አካባቢ ልጆች አሉ። የእንጨት ተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። የፓርኩ ስካውቶች ያባርሯቸዋል፣ እንጨቱን ይነጥቋቸዋል፤ በማግሥቱ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ምድጃው የሚነደው በእንጨት ነውና። ለፓርኩ አስተዳደር እነዚህ ሁሉ አንድ ስም ነው ያላቸው፦ ሕገ ወጥ። እኔ ግን ሦስቱን አንድ አድርጎ መጥራት የመጀመሪያው ስሕተት ይመስለኛል። ለገበያ እንጨት የሚቆርጥ ሰው ሌላ ሥራ ቢያገኝ ይተወዋል። ጉጂው ግን ከብቱን ይዞ የት ይሂድ?

ግጭቱ የተተከለው ፓርኩ ሲከለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጁሊያን ሃክስሊ የመሩት የዩኔስኮ ቡድን ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የዱር እንስሳት መጠበቂያ እንዲቋቋም መከረ፤ ቀጥሎም አዋሽ፣ ሰሜንና ሌሎቹ ፓርኮች ተከታትለው ተከለሉ። የፓርክ አሳቡ የመጣው ከአሜሪካ ነበር፤ ሰው ጎብኝቶ የሚሄድበት እንጂ የሚያድርበት መሬት አልነበረም። በነጭ ሣር ይህን መሬት ማን ይጠቀምበታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሕጉም ቢሆን ጎደሎ ነበር። ፓርኩ በነጋሪት ጋዜጣ ሳይታወጅ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ፤ በዚያ ዘመን በዚህ መንገድ ወሰናቸው የታወጀላቸው አዋሽና ሰሜን ብቻ ነበሩ። ያልታወጀ ወሰን ተሻገርክ ተብሎ የሚከሰስ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም።

ደርግ በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነዋሪዎቹን በጠመንጃ አስወጣ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ተመልሰው ገቡ። ሌላም ይሆናል ብሎ የጠበቀ ካለ አርብቶ አደር አያውቅም።

ሁለተኛው ሙከራ በውል መጣ። በ1996 ዓ.ም. መንግሥት ነጭ ሣርን ለአፍሪካን ፓርክስ አስረከበ። ድርጅቱን ከመሠረቱት ዋናው ሆላንዳዊው ባለ ሀብት ፖል ፈንተነር ፋን ፍሊሲንገን ነበሩ፤ አሳባቸውም ፓርክን እንደ ንግድ ድርጅት በሥርዓት ማስተዳደር ነበር። ርክክቡ ከሰዎቹ መውጣት ጋር ተያያዘ። ኮሬዎቹ በሺዎች ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈራ ተወሰዱ። ጉጂዎቹ አንነሳም አሉ። ኅዳር 1997 ዓ.ም. ቤቶቻቸው ተቃጠሉ፤ ሬፊውጂስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ቁጥራቸውን 463 ብሎ ዘግቧል። አፍሪካን ፓርክስ ሰፈራው የመንግሥት ጉዳይ ነው፣ እኔ አልነካሁም አለ። መልሱ በወረቀት ደረጃ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባዶ ቤት ተከራይቼ ነው የገባሁት የሚል ሰው የቀድሞው ተከራይ እንዴት እንደ ወጣ አይመለከተኝም ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኚሁ ባለ ሀብት በስኮትላንድ ሌተርዩ የሚባል ሰፊ ተራራማ ርስት ነበራቸው። እዚያ ተራራ ወጪዎችና እግረኞች በርስቱ ላይ እንደ ልባችን እንሂድ፣ እንደር ብለው ከባለቤቱ ጋር ሲሟገቱ ቆዩ። ፋን ፍሊሲንገን አጥር አላጠሩም፤ ተቀምጠው ተወያዩና እ.ኤ.አ. በ1993 ከማኅበሮቻቸው ጋር ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ ለስኮትላንድ የ2003 እ.ኤ.አ. የመሬት ሕግ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ለመዝናናት ተራራ የሚወጣው ስኮትላንዳዊ ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ተደራደረ። ለመኖር ከብት የሚያግደው ጉጂ ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር አላገኘም። ሰውየው ክፉ ነበሩ ለማለት አይደለም፤ ውሉን የፈረመላቸው መንግሥት ወንበሩን አላዘጋጀም።

አሜሪካም ቢሆን ታሪኩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የፓርክ አሳብ በተወለደበት አገር፣ በዮሴሚቲ ሸለቆ፣ ካምፕ አራት በሚባለው ቦታ ድንኳን ተክለው ወራት የሚከርሙ ቋጥኝ ወጪዎች ነበሩ። ሥራ የላቸውም፣ የሌላውን ትራፊ ይበላሉ፣ ቀን ቀን ገደል ይወጣሉ። የፓርኩ ጠባቂዎች የተፈቀደላችሁ ቀን አለፈ እያሉ ያሳድዷቸው ነበር። ዛሬ ካምፕ አራት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያው ሸለቆ ከፓርኩ በፊት ጀምሮ ይኖሩ የነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጨረሻ መንደር ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ተቃጠለ፤ የመጨረሻው ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ጎብኚው ቅርስ ሆነ፣ ባለ አገሩ እንግዳ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የፓርክ አሳብ ከዚህ ሸለቆና ከመሰሎቹ የመጣ ነው።

አፍሪካን ፓርክስ በ2000 ዓ.ም. እንደሚለቅ አሳወቀ፤ በ2001 መጀመሪያ ወጣ። ያስተዳድረው የነበረውን የኦሞ ፓርክንም አብሮ ተወ። ሲሰናበት አንዱ ምክንያቱ የነዋሪዎቹ አኗኗር ከጥበቃ ጋር አልሄድ ማለቱ ነበር። ፓርኩ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰ፤ ዛሬም ከፌዴራሉ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጀምሮ ሁለት ክልሎች የሚነካኩበት መሬት ነው፤ በአንድ ወገን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በሌላው ኦሮሚያ። በጉጂና በኮሬ መካከል በየጊዜው የሚነሳው ግጭት ሲጨመርበት የምሥራቁ ክፍል ለስካውትም ለጎብኚም አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። ሜዳውን ቁጥቋጦ እየወረረው ነው። ጥፋቱን ሁሉ ከብት ላይ የሚጥሉ አሉ፤ ልቅ ግጦሽ እንደሚጎዳ እኔም አልክድም። ነገር ግን በቦረና መሬት አርብቶ አደሩ ሣር ማቃጠል ከተከለከለ በኋላ ቁጥቋጦ መስፋፋቱን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ሣሩን ነጭ አድርጎ ያቆየው ማን እንደ ነበር ቢጠየቅ መልሱ እረኛውን ሊጨምር ይችላል።

ሰውን ማስነሳት ጨርሶ አይቻልም ማለት አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ የግጭ ቀበሌ 418 አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ድርድር ነበረ፣ ካሣ ነበረ፤ ዩኔስኮም በቀጣዩ ዓመት ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው። ገበሬን ከተማ ማስገባት ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ማረሻ ለያዘ እጅ ደባርቅ ላይ ሥራው ምንድን ነው?

ሌላ መንገድም ነበረ፤ ያውም ባሕር ማዶ የማያስኬድ። መንዝ ላይ ጓሳ የተባለውን አምባ ገበሬዎቹ ራሳቸው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ጠበቁት። አለቃ ተመርጦ፣ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ቀኑ ሲደርስ በአዋጅ ይከፈት ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ እዚያ የሚታዩት ስካውት ስለ በዛ አይደለም። ጋሞም ቢሆን በዚህ አይታማም። በደጋው ያሉት የተቀደሱ ደኖች የቆሙት ጎሜ የሚባለው ነውር ስለሚፈራ ነው፤ ሽማግሌ ዱቡሻ በሚባለው መሰብሰቢያ አደባባይ ላይ ተቀምጦ የወሰነውን ማንም አይሽረውም። የዚህን ሥልጣን ጉልበት አገሩ በሙሉ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አይቷል፤ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ግፍ ሰምተው ለበቀል የወጡትን የአርባ ምንጭ ወጣቶች አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሷቸው። በዚያን ቀን የዳኑት ኦሮሞዎች ነበሩ። የጉጂም ገዳ፣ የኮሬም ሽማግሌ እንዲህ ያለ ቃል አላቸው። ሦስቱ ተገናኝተው ስለ አንድ ሜዳ ግጦሽ ቢነጋገሩ ከየትኛውም አማካሪ ድርጅት የተሻለ የአጠቃቀም ሕግ ያወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ነጭ ሣርን መጎብኘት የሚፈልግ ሰው ይሂድ፤ አዞውንም ይይ፣ ሜዳውንም ይርገጥ። አስጎብኚውን ግን ስለ ማዶዎቹ ሰዎች ይጠይቀው። መንግሥት ደግሞ ለዚህ ፓርክ ሌላ አስተዳዳሪ ፈልጎ ሌላ ውል ማዘጋጀቱ አይቀርም። ያ ውል ሲመጣ የጉጂና የኮሬ ተወካዮች ስም በፈራሚነት ካልሰፈረበት፣ አሁኑኑ ቢቀደድ ይሻላል።